የአጠራጣሪ ስላይዶች ክበብ

የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ማኅበር አባላቱ በየዝንባሌያቸው ትናንሽ ክበቦች እንዲያቋቁሙ የፈቀደ ዕለት አዳራሹ በሳቅ ሲሞላ፣ «አንድ ጠብታ» የሚሉት ሰው ብቻ አልሳቀም። ይህን ቅጽል ስም ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። ናሙና በሚቀባበት ስስ መስታወት፣ ስላይድ ላይ፣ የማይክሮስኮፕ ዘይት የሚያፈስ ተማሪ ባየ ቁጥር «አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ሞተር አይደለም የምታጠጣው» ስለሚል፣ ዋናው ስሙ ተረስቶ ይኸው ቀረበት።

ደንቡ ቀላል ነበር። አንድ ክበብ አምስት ሰው ያስፈልገዋል። አምስቱ ቅዳሜ ከሰዓት በማኅበሩ ቢሮ ተገናኝተው ቅጹ ላይ ይፈርማሉ፣ እስከ አስራ አንድ ሰዓትም ለጸሐፊዋ ያስረክባሉ። ያልሞላ ይሰረዛል።

«የምን ክበብ ነው ያሉኝ፣ ጋሼ?» አለች ጸሐፊዋ።

«የአጠራጣሪ ስላይዶች። እያንዳንዱ ያጠራጠረውን ያመጣል፣ ሌሎቹ ያዩለታል።»

«ሰው እኮ ክበብ የሚገባው ሊዝናና ነው። እርስዎ ሳምንቱን ሙሉ ያጎበጠዎት ማይክሮስኮፕ አልበቃዎትም?» እስክሪብቶዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «የእግር ጉዞው ክበብ አንድ ሰው ጎድሎታል። ጉልበትዎ ደህና ከሆነ…»

«ጉልበቴ ደህና ነው። ጻፊልኝ።»

ጻፈችለት። የልቡን ግን አልነገራትም። ለማንም አልነገረም።

ከሁለት ዓመት በፊት ሚስቱ ማሳል ጀመረች፤ አክታዋም እሱ ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ መጣ። በሙያቸው ማንም ያልጻፈው፣ ግን ሁሉም የሚያውቀው ሕግ አለ፦ የዘመድን ስላይድ ዘመድ አያነብም። ዓይን ያደላል። ስላይዱን ለባልደረባው መስጠት ነበረበት፤ ባልደረባው ግን ምሳ ወጥቶ ነበር፣ እሱም እስኪመለስ መታገስ አቃተው። ራሱ ቀለም ቀባው፣ ራሱ ሊያነበው ተቀመጠ። በማይክሮስኮፕ በአንድ ጊዜ የምትታየው ክብ ቦታ ፊልድ ትባላለች፤ የሳንባ ነቀርሳ ተህዋስ ቀለም ሲነካው ቀይ ቀጭን ዘንግ ሆኖ ይታያል፤ የለም ለማለት መቶ ፊልድ ማየት ይበቃል። እሱ ሦስት መቶ አየ። በዚያ ሁሉ ውስጥ፣ ግራ ጠርዝ አጠገብ፣ አንዲት ቀጭን ዘንግ የመሰለች ነገር ነበረች። አንዲት ብቻ እንኳ ብትገኝ ቁጥሯ ይመዘገባል፣ ምርመራውም ይደገማል። ትቷት ሄደ፣ ተመለሰባት፣ ደግሞ ሄደ። የቀለም ዝቃጭም እንዲህ ያሳስታል ብሎ ራሱን አሳመነና መዝገቡ ላይ «አልታየም» ብሎ ጻፈ።

የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ በሦስተኛው ወር በሽታው ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። መድኃኒቱ ሳይደርስላት አረፈች።

ስላይዱን አልጣለውም። በጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ደበቀው። ነገር ግን የስላይድ ቀለም በጊዜ ብዛት ይለቃል፤ ይህንንም ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። በየወሩ «ዛሬስ ደብዝዞ ይሆን?» ይላል፣ ግን አያወጣውም። ለጓደኛ ቢያሳየው «ምንም የለም፣ ወንድሜ፣ ራስህን አታስጨንቅ» ይለዋል። ሐዘንተኛን የሚያባብል እንጂ እውነቱን የሚነግር አይገኝም። የማን እንደሆነ የማያውቁ ዓይኖች ያስፈልጉት ነበር። ክበቡ የታሰበው ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሴት ልጁ ሸሚዙን ተኮሰችለት። አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። የእናቷ በሽታ ተደብቆ የቆየ እንደሆነ ነው የተነገራት፤ የነገራትም እሱ ነው።

«አባዬ፣ አምስት ካልሞላችሁ ደውልልኝ፣ መጥቼ እፈርማለሁ» አለች እየሳቀች። ከሰው መቀላቀሉ ደስ ብሏታል።

ቀጠሮው ስምንት ሰዓት ነበር፤ እሱ በሰባት ደረሰ። ማይክሮስኮፑን መስኮቱ አጠገብ አቆመ፣ ሌንሱን ጠረገ፣ ወረቀት ቆራረጠ፣ ሌንሱን ደግሞ ጠረገ። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ማንም የለም። ከግድግዳው ማዶ የእግር ጉዞ ክበቡ ይንጫጫል። የደረት ኪሱን ዳሰሰ፤ ስላይዱ አለ። ይምጡ ብሎ ተመኘ፤ ወዲያው ደግሞ ምነው በቀሩ አለ።

መጀመሪያ የመጣው «ጥሩንባ» የሚሉት ሰው ነው። የሽንት ምርመራ ባለሙያ ሲሆን፣ የሚያንሾካሹከው ሦስተኛ ክፍል ድረስ ይሰማል።

«አንተ አንድ ጠብታ! ቅዳሜዬን በአክታ ልትፈጅብኝ? ሻይ አለ?»

«የለም።»

«ብስኩት?»

«የለም።»

«ታዲያ ክበብ አትበለው፣ ቅጣት በለው» አለና ወንበሩን ሞልቶ ተቀመጠ።

ከደም ባንክ የመጣች ወጣት ተከተለች። ከእሷ ቀጥሎ በእንስሳት ክሊኒክ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ገብቶ ጥግ ያዘ። አራት ሆነው ከሰዓቱ ጋር ሲፋጠጡ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የከዘራ ድምፅ ተሰማ። የከተማውን ግማሽ ባለሙያ ያስተማሩት ጡረተኛዋ እትዬ ነበሩ። እሱን ማይክሮስኮፕ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ማኅበሩ ስለ ክበቡ የለጠፈውን ማስታወቂያ አንብበው ነው የመጡት፤ እሱ አልጠራቸውም፣ ለመጥራትም አይደፍርም ነበር።

«ምን ሆነህ ነው እንደ ፈተና ተማሪ ያላበህ?» አሉት።

«ሙቀቱ ነው፣ እትዬ።»

የክበቡን ሕግ አነበበላቸው። ስላይድ ያለ ስም ይቀርባል። የሚያይ አይናገርም፤ ያየውን ጽፎ ወረቀቱን ያጥፋል። የማን ነው ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው።

የደም ባንኳ ልጅ ስላይድ ቀደመ። ተከራከሩበት፣ ተሳሳቁበት፤ ጥሩንባ አየር አረፋን ተህዋስ ብሎ ጽፎ ተገኘና «ሽንት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅማ!» ብሎ ተከላከለ። አንድ ጠብታም እንደ ሰው ለመሳቅ ሞከረ።

ከዚያ የራሱን አወጣ። ጥቁሩን ወረቀት ፈታ። ዘይቱን ጠብ አደረገ፤ ሁለት ጠብታ ወረደ። ማንም አላስተዋለም፣ ወይም እንዳላስተዋለ ሆነ።

በየተራ ተቀመጡ። እሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ የትንፋሻቸውን ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ትንሽ ቆም ባለ ቁጥር ወደ ማይክሮስኮፑ ዞር ይላል። እትዬ ከሁሉም ቆዩ። ሲነሱ «አንተስ?» አሉት።

«እኔ አይቼዋለሁ።»

«አይቶ ያልጻፈ አላየም።»

ወረቀቶቹን መፍታት ጀመረ። የጥሩንባ፦ «አልታየም።» የደም ባንኳ ልጅ፦ «አልታየም።» ደረቱ ላይ የነበረ ድንጋይ የተነሳ መሰለው፤ በእፎይታውም አፈረ። ሦስተኛው የዝምተኛው ነበር፦ «አንድ፣ ግራ ጠርዝ። እርግጠኛ አይደለሁም።» ድንጋዩ ተመለሰ። አራተኛው ባዶ ነው።

«እትዬ፣ ምንም አልጻፉም።»

«ቅርጹን አይቼዋለሁ፤ ቀለሙን አጣሁት። ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ዓመት አልፎታል።»

«አዲስ ሳለ አምጥተኸው ቢሆን እነግርህ ነበር። አሁን ቀለሙ ለቋል። እኔ ብቻ ሳልሆን ከእኔ የሚሻል ቢመጣም አይፈርድበትም።»

«በቃ፣ ተከሳሹ ነጻ ወጣ!» አለ ጥሩንባ።

ነጻ። ቃሉ ጆሮው ውስጥ ቀረ። ስላይዱን ጠቅልሎ ቢሄድ እስከ ዕለተ ሞቱ የሚጠይቀው የለም። የክበቡም ሕግ ከልሎታል፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው።

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። «ግራ ጠርዙ ላይ ተፈግፍጓል» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «ያነበበው ሰው ዘይቱን እየጠረገ እዚያችው ቦታ ላይ ደጋግሞ ተመላልሷል። ቀለሟን በትኩሱ ያየ እሱ ብቻ ነው። ከእኛ ይልቅ እሱ ቢመሰክር ይሻላል።»

ከማዶው ክፍል ሳቅ መጣ፣ ሄደ።

«እኔ ነኝ» አለ። «የባለቤቴ ነው።»

የደም ባንኳ ልጅ አፏን በእጇ ያዘች። ጥሩንባ ቀስ ብሎ «የሚስትህን… ራስህ አነበብከው?» አለ።

«ራሴ።»

«ያቺ ዘንግ ምን ዓይነት ነበረች?» አሉ እትዬ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለራሱ «ዝቃጭ» ሲል ኖሯል። አሁንም ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። አፉን ሲከፍት ግን ሌላ ወጣ።

«ቀይ» አለ። «ጥርት ያለች ቀይ። አይቻት ነበር።»

ራስህን አታስጨንቅ ያለው የለም። ዝምተኛው ሰው ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን አምስተኛ ወረቀት ወደ እሱ ገፋ አደረገለት። አንድ ጠብታ እስክሪብቶውን በሁለት እጁ ይዞ ጻፈ፦ «አንድ።» ወረቀቷን አላጠፋትም።

ሰዓቱ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። «ቅጹን ያለ እኔ ሙሉት» አለ። «ሕግ የጣሰ ሰው ክበብ አያቋቁምም።»

«ያለ አንተ አራት ነን» አለ ጥሩንባ፤ ድምፁ አሁንም ዝቅ እንዳለ ነው። «ፈርም፣ ልሩጥበት።»

ፈረመ። እትዬ ከዘራቸውን ሲያነሱ «ልጅቱ ታውቃለች?» አሉት። ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። «እንግዲያው ዛሬ» ብለው ወጡ።

መንገዱን በእግሩ ሄደ። አውቶቡስ ቶሎ ያደርሰዋል ብሎ ፈራ። በየመብራቱ ከሚገባው በላይ ቆመ፤ ከየት ጀምሮ እንደሚነግራት አሰበ፣ አፈረሰ፣ ደግሞ አሰበ። በሩን ሳያንኳኳ ልጁ ከፈተችለት፤ ከመስኮት እያየችው ነበር።

«ሞላችሁ?»

«ሞላን» አለ። ኮቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ቆመ። «ነይ ቁጭ በይ። ስለ እናትሽ የምነግርሽ አለኝ።»

ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ እያለ ወንበር ሳበች።