አምስት ማኅተም

የእህቴን ስም የለወጥኩት እኔ ነኝ። ደላላው አይደለም፣ ቀበሌውም አይደለም፤ እኔ ታላቋ፣ ጌጤነሽ የሺጥላ።

ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። በራሴ ስም ስለመጣሁ ኢቃማዬ፣ መኖሪያ ፈቃዴ ላይ ክርስቲያን መሆኔ ተጽፏል፤ በዚህ የተነሳ ስንት ደህና ቤት አመለጠኝ። ታናሼ ተናኘ «እኔም ልምጣ» ስትለኝ ታዲያ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ቀበሌ ሄዳ የሙስሊም ስም እንድታወጣ በስልክ መከርኳት። ሁሉም እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ዘምዘም የሚለውን የመረጥኩላት እኔ ነኝ፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። የአባቷም ስም ማሕሙድ ተባለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከአባታችን ጋር ማኅበር ይጠጣል፤ አባታችን ቢለምነው ለልጅ እንጀራ ብሎ መታወቂያውን ጻፈላት። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው።

የደረሳት ቤት መካ ነበር፣ ሩሰይፋ ሰፈር። ክርስቲያን መካ አይገባም፤ ስለዚህ በሁለት ዓመት ውስጥ ያየኋት ሁለት ጊዜ፣ ማዳሟ ለገበያ ጅዳ ይዛት ስትመጣ ነው። የእኔ ብልጠት እዚያው አጠገቤ አምጥቶ ከለከለኝ።

በ2004 ኅዳር ላይ ማእድ ቤት ወደቀች። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። የደወለችልኝ መዲና የምትባል ልብስ ሰፊ ናት፤ አያቶቿ ከወሎ የመጡ፣ እሷ ግን እዚያው መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ተወልዳ እዚያው አባያ እየሰፋች የምትኖር ሴት። ተናኘ አርብ አርብ እሷ ጋ ትሄድ ነበር።

ከዚያ በኋላ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህቴ አገሯ ገብታ እናታችን ጎን እንድትቀበር። ካፊሏ፣ ያስመጣት አሠሪዋ፣ በመዲና በኩል ሲጠየቅ እሺ አለ። የሥጋ ዘመዷ መሆኔን የሚያሳይ ወረቀት አምጪ፣ እስከዚያ ሆስፒታል ትቆያለች አለ።

ለወረቀቱ ጅዳ ወዳለው የአገራችን ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሲሳይ የሚባለው ሠራተኛ የእኔንና ካፊሏ የላከውን የእሷን ፓስፖርት ጎን ለጎን አስቀምጦ የአባት ስሞቹን አስተያየ። የእኔ አባት የሺጥላ፣ የእሷ ማሕሙድ።

«እኔ አምንሻለሁ፣ እህቴ» አለኝ። «ግን እኛ የፌዴራል ነን። እኛ የምናውቀው ፓስፖርቱን ነው፤ ሰውን የሚያውቀው ቀበሌ ነው።»

መንገዱንም ነገረኝ። ዘምዘምና ተናኘ አንድ ሰው መሆናቸውን ቀበሌው ይጽፋል፤ የቀበሌውን ማኅተም ወረዳው ያረጋግጣል፣ የወረዳውን ዞኑ፣ የዞኑን ክልሉ፣ የክልሉን አዲስ አበባ። አምስት ማኅተም። አራቱ የሚመሰክሩት ለማኅተም ነው። ለእህቴ የሚመሰክረው ቀበሌው ብቻ ነው።

እሱ ደግሞ ፈራ። ሊቀመንበሩ ሐሰተኛ መታወቂያ መስጠቱን በገዛ እጁ ሊፈርም ነው፤ እስር አለበት። የውጭ አገር ጉዳይ የፌዴራል ሥልጣን ነው፣ እነሱ ይጻፉ ብሎ አባቴን መለሰው። ፌዴራሉ ወደ ቀበሌ፣ ቀበሌው ወደ ፌዴራል፤ በመሐል እህቴ ማቀዝቀዣ ውስጥ ናት። በስልክ ሊቀመንበሩን ያልሰደብኩት ስድብ የለም። አባቴ ግን ተቆጣኝ፤ የለመንኩት እኔ፣ አሁን ልጆቹን እንዴት ልበትንበት አለኝ። በመጨረሻ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ድንጋይ ተሸክመው ደጁ ላይ ወደቁ። በዘጠነኛው ቀን እያለቀሰ አተመ አሉ።

ከዚያ አባቴ በዚያ እድሜው በአንዲት ጋቢ ወረዳ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ዞረ። ባሕር ዳር ላይ ማኅተሙን የሚይዘው ሰው ስብሰባ ሄዶ ሦስት ቀን ጠበቀው።

በመካ ካፊሏ አሥራ ስምንት ቀን ታገሠ። ከዚያ በላይ ሬሳ ማቆየት ነውር መሰለው። ታላቁ መስጊድ ሐረም ውስጥ ተሰግዶባት መካ እንድትቀበር ፈረመ፤ ለአንዲት ሙስሊም ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ክብር አያውቅም። እሱን ልወቅሰው አልችልም። ዘምዘም ናት ብለን የሰጠነው እኛ ነን።

መዲና ልትነግረኝ ሩዋይስ ድረስ መጣች።

«ወላሂ ጌጤ፣ ከአጣቢዎቹ ጋር ገብቼ ያጠብኳት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ክንዷ ላይ ጥቁር ክር አስራ አገኘኋት። አያቴ ስለ አገር ጎረቤቶቿ ስታወራ ሰምቼ ስለነበር ማተብ መሆኑን አወቅኩ። ለማንም አላልኩም። አልፈታሁትም። ኻላስ፣ አላህ እሷን ያውቃታል።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ወረቀቱ ከቀብሩ አሥር ቀን በኋላ ደረሰኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አምስቱም ማኅተም አለ፤ የመጨረሻው ቦታ አጥቶ ጀርባው ላይ ተመቷል። ሲሳይ አንብቦ ከወንበሩ ተነሳ። ከተቀበረች በኋላ ማውጣት በእኛ ሥልጣን ሥር አይደለም፣ የመካ ባለሥልጣኖች ጉዳይ ነው አለኝ። ሄጄ እንዳልለምናቸው እኔ መካ አልገባም።

አርባዋ ሲቃረብ አባቴ ደወለ። ሥጋዋ ባይመጣ ፍትሐቷ ይደረስላት ብሎ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነበር። ቄሱ ደብዳቤ አልጠየቁትም፣ ማኅተምም አልጠየቁትም።

«የክርስትና ስሟን ነው የጠየቁኝ» አለኝ። «እሱን የያዘችው እናትሽ ነበረች። ክርስትና እናቷም ሞታለች። እኔ ጠፋብኝ፣ ልጄ። መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ።»

አሰብኩ። ልጆች ሆነን ስንቆርብ ካህኑ ፊት ስሟን ስትናገር ከኋላዋ እቆም ነበር። ድምፅዋ ይሰማኛል፤ ስሙ ግን አይመጣም።

«አባዬ» አልኩት፣ «አላውቀውም።»