የቅበላው ቅዳሜ

ወንጌላዊት ሙዚቃ በስልክ መስማት አይሆንላትም። ዘፋኙ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ጊታሪስቱ ክሩን ሲያጠብቅ፣ ድራም መቺው በላብ ተዘፍቆ ለጓደኞቹ ሲስቅ ካላየች የሰማች አይመስላትም። ጎንደር ውስጥ ባንድ የሚጫወትባቸውን ጠባብ ቤቶች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ከሁሉም የምትወደው ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ከአንድ ጫማ ቤት ጀርባ የተሸጎጠውን ጓንግን ነው። ጓንግ ቢይዝ ጥቂት ጠረጴዛ ነው። መድረክ የሚባለውም ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ ያለ ጣውላ ነው፤ ፊት የተቀመጠ ሰው እግሩን ቢዘረጋ የማሲንቆ ተጫዋቹን ጫማ ይነካል። ሰዓት እላፊ ከመጣ ወዲህ ባንዱ የሚጫወተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆኗል፤ ሰው ሳይመሽበት ወደየቤቱ እንዲገባ።

ይህን ልማዷን ከጓደኛዋ ከፅዮን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ወንጌላዊት በሥራ ቀናት አዘዞ በሚገኝ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፤ እሑድ ነጭ ለብሳ ከሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ጋር ትቆማለች። እናቷ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል በሰፈሩ ደብር የጽዋ ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ልጃቸው መሸታ ቤት ገብታ ባንድ ታያለች ብሎ የሚነግራቸው ሰው ቢመጣ፣ ሰውየውን ነበር የሚያባርሩት።

ህሩይን ወደዚያ ቤት ያስገባችው እሷ ናት።

ህሩይ የጎረቤታቸው የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ልጅ ነው። ከወንጌላዊት ጋር በአንድ ግቢ ሲቦርቁ ነው ያደጉት። እሱ አድጎ ዲያቆን ሆነ፤ የአባቱ ዐይን እየደከመ ሲመጣ ደግሞ ለተማሪዎቻቸው ዜማ የሚያስጠናው እሱ ሆነ። ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ወንጌላዊት ወደ ጓንግ ስትገባ ጫማ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ አገኘችው። የአባቱን ጫማ ሊያሠራ መጥቶ፣ ጫማውን በእጁ እንዳንጠለጠለ ራሱን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

"ምነው ቆምህ?" አለችው።

"ይህ ከሥር ያለው ምንድን ነው? ማሲንቆውን ለይቸዋለሁ። ከሱ በታች የሚሄድ አለ።"

"ቤዝ ጊታር ነው።"

"ሆዴ ውስጥ ነው የሚመታኝ" አለ፤ እንደ ማፈር ብሎ።

"እንግዲያማ ግባና እየው። ለስላሳ ጠጥተህ ትወጣለህ።"

ህሩይ ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አየ። "እኔ እኮ ዲያቆን ነኝ፣ ወንጌል" አላት።

"ማን ያይሃል?" አለችው፤ እጅጌውንም ይዛ ሳብ አደረገችው።

ገባ። ጥጉን ይዞ ተቀመጠና ሙሉቀን የሚባለውን የቤዝ ተጫዋች ጣቶች ዐይኑን ሳይነቅል ሲያይ ቆየ። ማንም ልብ አላለውም። ሌላም ቅዳሜ መጣ፤ ሌላም። እየመጣ አንድ ሚሪንዳ አዝዞ፣ ግማሹን ሳይጠጣ ይወጣል። ወንጌላዊት ደስ ይላት ነበር። የምትወደውን ነገር እንደ እሷ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በመላ ሰውነቱ የሚሰማ ሰው ከዚያ በፊት አላገኘችም።

ጓንግ በዐቢይ ጾም ይዘጋል። ስለዚህ በቅበላ ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ሁሉ ቆመ። ባንዱ ሲያስጨፍር ቆይቶ ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ቀሰስተኛ ዜማ ያዘ። ድራሙ ዝም አለ፤ ማሲንቆው ብቻውን ያለቅሳል፤ የሙሉቀን ቤዝ ከሥር ከሥሩ ይረግጣል። ህሩይ ተነሣ። መነሣቱን ራሱ ያወቀ አይመስልም። እስክስታ አልነበረም ያደረገው። መቋሚያ እንደያዘ ሰው ባዶ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ቀኝ ዘመም፣ ጉልበቱን ሰበር፣ ወደ ግራ መለስ። የወረብ ንቅናቄ ነው፤ ቤተ መቅደስ ውስጥ በበዓል ቀን የሚታየው። ሙሉቀን አየውና ምቱን በሱ እግር ልክ አደረገ። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ያዩት ጀመር።

ወንጌላዊት ስልኳን አውጥታ ቀረጸችው። አልነገረችውም።

ጾም ገባ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን ክሊኒኩ ውስጥ ሥራ ቀዝቅዞባት ቁጭ ብላ ሳለ ባንዱ ናፈቃት፤ ያንን ቪዲዮ ከፈተችው። ደጋግማ አየችው። ከዚያ በሌላ ስም በከፈተችው የቲክቶክ ገጿ ላይ ጫነችው። ፊቱ በከፊል ጨለማ ውስጥ ነው፣ አይታወቅም ብላ ይሆናል፤ እውነቱ ግን ምንም አላሰበችም። የሚያምር ነገር ነበር፣ ሰው እንዲያይላት ፈለገች፣ ይኸው ነው። ከሥሩ "ጎንደር፣ ጓንግ" ብላ ጻፈች። መቼ እንደተቀረጸ አልጻፈችም።

ከሥራ ወጥታ ታክሲ ውስጥ ስትገባ ቪዲዮው የሷ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ሌሎች ወስደውታል፣ በላዩም ላይ ጽፈውበታል፦ ዲያቆን በዐቢይ ጾም መሸታ ቤት ሲወርብ። ከበሮና ጽናጽል በማይመቱበት ወራት። የአባቱን ስም የጻፈም ነበር። ወዲያው ከገጿ አጠፋችው። የቀሩትን ማጥፋት ግን የሷ ሥልጣን አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አስተዳዳሪ ህሩይን ወደ አዳራሽ ጠሩት። ሰው በሩ ላይ ተሰበሰበ፤ ወይዘሮ ወለተሩፋኤልም እዚያው ናቸው፤ ወንጌላዊት ከኋላቸው ቆማለች። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉም ይሰማል።

"ከማን ጋር ሄድህ?" አሉት።

"ብቻዬን ነው የሄድሁ።"

"የቀረጸህስ?"

"አላውቅም። ግን ጾም ከመግባቱ በፊት ነው። በቅበላ ነው። ቤቱ በጾም ይዘጋል።"

"ምስክር አለህ?"

ህሩይ ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ። በሰዎቹ ትከሻ መካከል ዐይኑ ከወንጌላዊት ዐይን ጋር ተገናኘ። ጠበቃት። እሷ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። የነጠላው ጥለት ተጣምሞ ነበር፣ እሱን ስታቃና ቆየች፤ ቀና ስትል ህሩይ ራሱን አቀርቅሯል።

"የለኝም" ሲል ሰማችው።

ከአገልግሎት ታገደ።

ያን ቀን ማዕድ ላይ እናቷ መብላት አልቻሉም። "በእጄ ያሳደግሁት ልጅ" አሉ። "መቼስ ሰው ይሳሳታል። ግን በጾም? ምነው ለአባቱ እንኳ ቢያስብ! አንቺስ፣ አብረሽው ስታድጊ እንዲህ ያለ ጠባይ እንዳለው አልሰማሽም?"

"አልሰማሁም" አለች ወንጌላዊት።

ብላ ዝም አላለችም። "ያሳዝናል" የሚል ቃል ጨመረችበት። ያቺ የጨመረቻት ቃል ናት በኋላ እንቅልፍ የነሣቻት። መካድስ ፈርታ ነው ይባላል፤ ያንን ማን አናግሯት ነው?

ከዚያ ወዲያ መዘምራኑ መካከል ስትቆም አፏ ይከፈታል እንጂ ድምፅ አታወጣም ነበር። መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ማኅሌት መቆም ተዉ። ተማሪዎቻቸው አንድ ሁለት እያሉ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። በየማለዳው ከጎረቤት ይሰማ የነበረው የዜማ ጥናት ጠፋ፤ ወንጌላዊት ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ የውኃውን ድምፅ ብቻ ትሰማለች። ህሩይም አምባ ጊዮርጊስ አጎቱ ዘንድ ሄደ ተባለ።

ፅዮን የሆነውን ሁሉ ታውቃለች። "አንቺ አይደለሽ እንዴ የጫንሽው?" አለቻት አንድ ቀን፤ ክፉ ለመናገር ሳይሆን፣ እንዲሁ ግራ ገብቷት። ወንጌላዊት በማግሥቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሚኒባስ ተሳፈረች።

አምባ ጊዮርጊስ ነፋሱ ብርድ ያዘለ ነበር። የህሩይ አጎት አያ ቢያዝን የት እንደሚገኙ ጠየቀች፤ አንድ ሰው ከመንገዱ በታች ወዳለው መስኖ አመለከታት። ህሩይ የድንች ማሳ ይኮተኩታል። አጎቱ አያ ቢያዝን ከወዲያ ውኃ ይመልሳሉ። ህሩይ ሲያያት መኮትኮቻውን አልጣለም።

"መጣሽ" አለ።

"የቀረጽሁህ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ከተቀመጥሽበት አቅጣጫ ነው የተነሣው። ገና ሳየው አውቄዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርህም?"

"አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ።" አንድ ጓል አፈር በእግሩ አፈረሰ። "ቪዲዮው አላስከፋኝም፣ ወንጌል። ሳየው እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና። በሩ ላይ ቆመሽ ዐይንሽን የሰበርሽው ነው ያደማኝ።"

ይቅርታ የሚለውን ቃል መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጅ መጥታ፣ አሁን እዚህ ማሳ ዳር ቆማ ስትመዝነው ቀለለባት።

"ሄጄ እናገራለሁ" አለች በመጨረሻ።

"ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው፤ እኔ እዚህ ሸጋ ነኝ። ለራስሽ ከሆነ ደግሞ እኔን ፈቃድ አትጠይቂኝ።"

አያ ቢያዝን ቀረብ ብለው "እንግዳ ናት እንዴ? ምነው ታዲያ ታቆማታለህ?" አሉ። ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው በእጇ አደረጉላት፤ ማን እንደሆነች ሳይጠይቁ። ወንጌላዊት ቆሎውን ጨብጣ ተሳፈረች፤ ጎንደር እስክትገባ አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም።

ቤት እንደደረሰች "እማዬ፣ የኔታ ዘንድ አብረሽኝ ነይ" አለች። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተከተሏት። መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ደጃፋቸው ላይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ወንጌላዊት ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ማን እንዳስገባው፣ ማን እንደቀረጸው፣ መቼ እንደነበር፣ በሩ ላይም ምን እንዳደረገች። እናቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

"የቅበላ ቅዳሜ?" አሉ መሪጌታ።

"አዎ፣ የኔታ።"

"እሱም እንዲሁ ብሎኝ ነበር። አላመንሁትም።" "እስቲ አሳዪኝ።"

"አላዩትም እንዴ?"

"ሰው ነገረኝ እንጂ እኔ ምን አየሁ።"

ቪዲዮውን ከሌላ ሰው ገጽ ላይ ፈለገችላቸው። በላዩ የተጻፈውን ስድብ በአውራ ጣቷ ሸፍና ስልኩን ወደ ደከመው ዐይናቸው አስጠጋችው። መሪጌታ ጆሯቸውን ሰጥተው፣ ዐይናቸውን አጥብበው እስከ መጨረሻው አዩ።

"ድገሚው" አሉ።

ደገመችው።

"ዜማው የኛ አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "እግሩ ግን የኛ ነው። ይህን እግር እኔ ነኝ ያስተማርሁት። አንዲት እንኳ አልሳተም።" ጉንጫቸው ላይ የወረደውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "ያለ ቦታው ነው። ያለ ቦታው መሆኑን እሱም አያጣውም። እኔ ግን ሳላይ ፈረድሁበት።"

ወንጌላዊት ቢቆጧት በወደደች ነበር። አልተቆጧትም።

"ልጄ ዋሽቶኝ አያውቅም ነበር" አሉ። "ብቻዬን ነው የሄድሁ ያለኝ አንቺን ሊሸሽግ ነው። አንቺም ተሸሸግሽ። በይ እንግዲህ፣ ለእኔ የነገርሽኝን ለአስተዳዳሪው ንገሪ።"

ነገረች። የህሩይ እግድ ለሆሳዕና ተነሣ፤ ምክርና ንስሐ ተሰጥቶት እንዲመለስ ተባለ። እሷም ከመዘምራን ርቃ እንድትቆይ ተደረገ። ከንስሐ አባቷ የተሰጣትን ስግደት ስትሰግድ ጉልበቷ ቢዝልም አልተቀየመችም፤ ቢበዛላት ነበር ደስ የሚላት። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ሰሙነ ሕማማትን ሙሉ አላናገሯትም። ከፋሲካ በኋላ አናገሯት፤ ምሳ ይቀርባል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ወሬ ይወራል። ነገር ግን አንድ ነገር ስትነግራቸው ፊቷን አየት የማድረግ አመል አመጡ።

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል በዚያ ዐይናቸው ሰው ሳይዛቸው አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሄደው ልጃቸውን አገኙት። ታርቀዋል። ህሩይ ግን ወደ ከተማው ደብር አልተመለሰም። ድብ ባሕር አካባቢ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ጠፍቶባቸው ነበርና እዚያ ገባ፤ ለገበሬዎቹ ልጆችም ዜማ ያስጠናል አሉ።

ጓንግ ከፋሲካ በኋላ ተከፈተ። ፅዮን ጎትጉታ ወሰደቻት። ሙሉቀን ቤዙን አንግቶ ሲያልፍ ጠረጴዛቸው ጋ ቆም አለ።

"ያ ልጅ የት ሄደ?" አላት። "ለሱ የሚሆን አዲስ ነገር ይዤ ነበር።"

"አይመጣም" አለችው።

"ምነው? ምን ሆነ?"

"እኔ ነኝ ምክንያቱ።" ሙሉቀን ቀልድ መስሎት ፈገግ ብሎ ወደ መድረኩ ወጣ። ባንዱ ጥሩ ተጫወተ፤ ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። ወንጌላዊት ግን ጥጉ ላይ ያለውን ወንበር ሌላ ሰው ይዞት እንደሆነ ደጋግማ ዞራ ከማየት በቀር ምን እንደተጫወቱ አላወቀችም።

ጥቂት ሰንብቶ ህሩይ ስልክ ደወለ። የደወለው ለእናቷ ነው፤ እሱ ለሚያገለግልባት ቤተ ክርስቲያን ንግሥ ሊጋብዛቸው። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል መርቀው መርቀው ሲጨርሱ ስልኩን ለእሷ ዘረጉላት።

"ደህና ነሽ?" አላት።

"ደህና። አንተስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ለንግሡ ከእናትሽ ጋር ኑ።"

"እንመጣለን።"

"ባንዱ ጀመረ እንዴ?"

"ጀምሯል።"

"ሸጋ" አለ። ሌላ ነገር ይላል ብላ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አጥብቃ ያዘች። "በሉ ደህና ሁኑ እንግዲህ" ብሎ ዘጋው፤ በትሕትና፣ ለማንኛውም የሰፈር ሰው እንደሚዘጋው።

"ምን አለሽ?" አሉ እናቷ።

"ኑ አለን" አለች፤ ስልኩንም መለሰችላቸው።