ለቅሶ አይደለም

ወረቀቱን ከበሩ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ፣ በእትዬ ካሳነሽ የቆርቆሮ በር ላይ ለጥፈነው ነበር። «የድራማ ቀረጻ ነው፤ ለቅሶ አይደለም» ይላል። በወፍራም ማርከር የጻፈው ዳይሬክተራችን መኳንንት ነው። በካሜራው ሳየው ግን ነጩ ወረቀት ዓይን ይወጋል፤ የመንገዱን ምስል አበላሸብኝ። ገነጠልኩት፣ አጠፍኩትና ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ዞር ብዬ ሳይ የሰፈሩ ዕድር ድንኳን፣ ስሙ በቀይ ቀለም እንደተጻፈበት፣ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሏል። አሁን እውነት መሰለ ብዬ ደስ አለኝ።

ድራማው ከእስር ቤት ስላመለጡ አራት ሰዎች ነው። ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሲኒማ የተማርኩት ፕራግ ነው፤ ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ። ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ቢሆነኝም ስለ አገሬ የምጽፈውን ሁሉ ሰው ጠይቄ ነው የምጽፈው። ከጠየቅሁ በኋላም አላምንም።

የዚያን ቀን ትዕይንት ደግሞ ከሁሉም የባሰ አላመንኩትም። ካመለጡት የአንዱ እናት ሞታለች። ፖሊሶች ድንኳኑ በር ላይ ይጠብቁታል። እሱ ጋቢ ተከናንቦ ለቅሶዋ ላይ ይመጣል።

«አይመጣም» አልኩት መኳንንትን። «ሦስት ፖሊስ በር ላይ ቆሞ እያየ? ሞኝ ነው እንዴ? ከሩቅ አይቶ፣ አልቅሶ ይሂድ።»

«ርሆ፣ አንቺ የተማርሽበት አገር ለቅሶ የሚደረሰው በኢሜይል ይሆናል» አለኝ። የመብራት ልጆቹ ሳቁ።

«ይመጣል» አለ ከኋላችን አንድ ድምፅ። የግቢው ባለቤት እትዬ ካሳነሽ ናቸው። «የእናቱን ለቅሶ የሚቀር ልጅ የት አለ?»

ይህን ብለው ፊታቸውን አዞሩና ወደ ቤት ገቡ። አነጋገራቸው ከነከነኝ፤ ተከተልኳቸው።

እትዬ ካሳነሽ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ከባለቤታቸው ከአቶ ዱባለ ጋር ከሆሳዕና ከመጡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አቶ ዱባለ ሞተዋል። ሳሎኑ ውስጥ ቆመው ነጠላቸውን ለለቅሶ ያዘቀዝቃሉ። አጃቢ ሆነው ካልተቀመጡ ብለው መኳንንትን ያስቸገሩት ራሳቸው ናቸው፤ «በገዛ ቤቴ ለቅሶ ተቀምጦ እኔ እንደ እንግዳ ቆሜ ልይ?» ብለው።

«ከፍቶዎታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጅ አለኝ» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። «ማኑሄ። ሚኒባስ ነበር የሚነዳው። ከአንድ ተራ አስከባሪ ጋር ተጣላ፤ ገፈተረው። ሰውየው ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጨና በዚያው ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት ፈረዱበት። እዚያው እግሩ ተሰበረ፤ ለሕክምና ሲያወጡት አመለጠ።»

«መቼ?»

«ሁለት ዓመቱ። አንድ ቀን አልደወለም። አይደውል! ስልኬን ይሰሙብኛል ብሎ ነው። እኔ የምፈልገው እግሩ ይዳን አይዳን ማወቅ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ድንኳን ስንተክል ለምን ፈቀዱልን? ይሄን ግቢ ለምን...»

«ሳጅን ባጫ ሲጠይቀኝ እምቢ ልበል? በየወሩ እየመጣ አልጋዬን የሚገለብጥ ሰው!»

በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከትኩ። ሳጅን ባጫ የፖሊስ ልብስ ስለምንጠቀም እንዲቆጣጠረን የተመደበልን ሰው ነው። ትሁት ነው፣ ቀልድ ያውቃል፣ ሁላችንም እንወደዋለን። ሳምንት ሙሉ እስከ ጦር ኃይሎች ድረስ ግቢ ፈልገን ስናጣ፣ «እኔ አንድ አውቃለሁ» ብሎ እዚህ ያመጣን እሱ ነው። አሁን ቡናማ ጃኬት ለብሶ ከአጃቢዎቹ መሀል ቆሟል። ተዋናዮቹን «ፖሊሶች» ኮፍያ አደራረግ ያስተምራል። በዚያ ግቢ ውስጥ ካሉት አራት ፖሊሶች እውነተኛው እሱ ብቻ ነው፤ ዩኒፎርም ያልለበሰውም እሱ ብቻ።

ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ።

«ሳጅን፣ እርስዎ ለምን አልለበሱም?»

«እነዚህ ይበቃሉ» አለ እየሳቀ። «ሦስቱንም አየኋቸው፤ ሌባ ቢያዩ ቀድመው የሚሮጡ ናቸው።»

«ሰውየው ይመጣል ብለው ያስባሉ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«የድራማው።»

ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ጠፋ። የሚያየው እኔን አይደለም፤ በሩን ነው። «አንቺ ብዙ አገር አይተሻል» አለኝ። «የኛ ሰው ግን የቤቱን ድንኳን ሲያይ እግሩ አይታዘዘውም።»

እጄን ኪሴ ውስጥ ሰደድኩ። የወረቀቱ ጠርዝ ጣቴን ነካኝ። ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ። ወረቀቱን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳልደርስ የመኳንንት ጩኸት ከኋላዬ መጣ።

«ርሆ! ካሜራ ውስጥ ገብተሻል እኮ፣ ውጪ! ፀሐይዋ ሳትሸሽ አንድ ጊዜ እንውሰዳት!»

አርባ አጃቢ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ እለጥፈዋለሁ ብዬ ተመለስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ በስተኋላ፣ ሸራው ከምሰሶው ጋር የታሰረበት ጥግ ቆምኩ። ከሸራው ጀርባ የእትዬ ካሳነሽ ማዕድ ቤት አለ፤ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ዝቅ ያለ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ወንዝ።

ሳጅን ባጫ ከወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ካሳነሽ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ሌላ ባዶ ቦታ ነበር።

«አክሽን!»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። አሁን ጋቢ የተከናነበው ተዋናያችን ማቲ በሩን አልፎ መግባት አለበት። ፖሊሶቹ ደግሞ ሳያውቁት ገለል ብለው ያሳልፉታል። በሩ ተገፋ። ፖሊሶቹ እንደ ተነገራቸው ገለል አሉ።

የገባው ማቲ አይደለም።

ሲሚንቶ የለበሰ ጫማ፣ የደበዘዘ ሰማያዊ ቱታ። ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኗል። «እማዬ!» ይላል። «እማዬን! ሳላይሽ! አንድ ቀን ሳልጦርሽ!» በሦስቱ ዩኒፎርሞች መሀል አለፈ። አልተደበቀም፣ አንገቱን አልደፋም፣ ዞሮም አላያቸውም። ለእሱ ሦስቱም እውነተኛ ፖሊሶች ነበሩ።

በጆሮ ማዳመጫዬ የመኳንንት ሹክሹክታ ይሰማኛል። «ማነው ይሄ? የማን አጃቢ ነው? አትቁረጡ... አትቁረጡ፣ ቅረቡት።»

ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ካለው የሟች ፎቶ ፊት ደረሰ። ፎቶው የአንዲት ተዋናይት ነው። ልቅሶው ከመሀል ተቆረጠ። ወደ ፎቶው ጎንበስ አለ፤ ቀና አለ፤ ዙሪያውን አየ። ካሜራውን አየ። ከዚያ ከአግዳሚው ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡትን እናቱን አየ።

እትዬ ካሳነሽ አልተንቀሳቀሱም። የነጠላቸውን ጥለት ጨብጠው ጭንቅላታቸውን እምብዛም በማይታይ ሁኔታ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ነቀነቁ። አይሆንም።

ሳጅን ባጫ ቀስ ብሎ ተነሳ። አንድ እጁ ከጃኬቱ ስር ወደ ወገቡ ሄደ። በሁለቱ መካከል ስድስት፣ ሰባት እርምጃ ብትሆን ነው።

አሰብኩበት ብል ውሸት ነው። የሸራውን ገመድ ፈታሁና ወደ ላይ ገለጥኩት። የፀሐይ ብርሃን እግሬ ስር ገባ። ማኑሄ ብርሃኑን አየ፤ እኔን አየ። ሰው የገደለ ሰው ነው፤ ይህን አውቃለሁ፤ በአገጬ ወደ ውጭ ጠቆምኩት።

ያኔ እትዬ ካሳነሽ «ወየው!» ብለው ተነሱና ሳጅን ባጫ ላይ ወደቁ።

ለቅሶ ላይ ሴት ራሷን ስትጥል አጠገቧ ያለ ሰው ይይዛታል። ማንም አስቦ አያደርገውም፤ እጅ ራሱ ይዘረጋል። የባጫም እጆች ተዘረጉ። ከወገቡ ላይ ያለው እጁ ባዶውን ወጣና እናትየውን አቀፈ። እሳቸው አንገቱን ጠመጠሙ። «ወየው ጉዴ! ወየው!» እያሉ ደረቱን ይመታሉ፣ ሊለቁት ግን አልፈለጉም። አጃቢው ሁሉ አብሮ ጮኸ።

«ሂድ» አልኩት ለማኑሄ፣ ድምፅ ሳላሰማ።

ሄደ። ወደ እኔ ሦስት እርምጃ ተራመደ። አንድ እግሩ ብርሃኑ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የጫማውን ሲሚንቶ አይቻለሁ። ከኋላው እናቱ ከባጫ እጅ ሾልከው መሬት ሊወድቁ ሆኑ። ማስመሰላቸው ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አላውቅም። ማኑሄ ድምፃቸውን ሰምቶ ዞረ።

ተመለሰ። እናቱን በአንድ በኩል ባጫ፣ በሌላ በኩል እሱ ያዟቸው።

«ሂድ አንተ!» እትዬ ካሳነሽ በጡጫ ደረቱን ገፉት። «ሂድ! እኔ ደህና ነኝ! ምን ሆንኩ? ሂድ!»

«አለሽ» አለ ማኑሄ። «አለሽ እንዴ እማዬ? ድንኳኑን ከመንገድ አይቼ እኮ... አለሽ...» ይስቅ ይሁን ያለቅስ አይለይም።

የባጫ እጅ ከእትዬ ካሳነሽ ትከሻ ተነሥቶ የልጁን አንጓ ያዘ።

«ማኑሄ» አለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናትህ ፊት አታስቸግረኝ።»

«አላስቸግርም።»

«ካት!» አለ መኳንንት። አጨበጨበ። አጃቢውም አጨበጨበ። «ይሄን ሰውዬ ከየት አመጣችሁት? ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?»

ማቲ ጋቢውን እንደተከናነበ ከበር ገባ። «ወንድሜ፣ እንጀራዬን ቀማኸኝ እኮ!» ሰዉ ሳቀ። ባጫ ካቴና ሲያወጣ ሳቁ ባሰ። አንደኛው የድራማ ፖሊስ «ሳጅን፣ እሱ የኛ ሥራ ነው!» ብሎ ተጣራ።

ሳቁ የቆመው ከሴቶቹ በኩል ነው፤ የሰፈሩ ሰዎች እነሱ ናቸው። አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ማኑ ነው» አለች። «የካሳነሽ ማኑ ነው!» ዝምታው ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ተሻግሮ መኳንንት ጋ ደረሰ። ካሜራ ያዡ ሌንሱን እንዲከድን በእጁ ምልክት ሰጠው።

ባጫ መኪና እስኪመጣ አልቸኮለም። እናትና ልጅን አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸው፤ የካቴናው ሌላው ጫፍ በራሱ እጅ ላይ ነው። እትዬ ካሳነሽ ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ሱሪ እስከ ጉልበቱ ሰበሰቡና ቅልጥሙን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳበሱት፤ እንደገናም ዳበሱት።

«ገጥሟል» አሉ። «ማን አሸልህ?»

«አንድ ወጌሻ፣ ሰበታ።»

«እጁን ይባርከው።»

መኪናው ሲመጣ ሳጅን ባጫን በሩ ላይ ጠበቅሁት።

«ግቢውን የጠቆሙን ለዚህ ነበር?»

ማኑሄን መጀመሪያ አሳፈረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «ሊሆንም ላይሆንም ይችላል ብዬ ነው። ወረቀቱን ያነሳሁት ግን እኔ አይደለሁም።»

ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት ጨበጥኩ።

«የተራ አስከባሪው እናት ዘነበወርቅ ሰፈር ናት» አለኝ። «በየሳምንቱ ጣቢያ ትመጣለች። የእሷን ድንኳን የቀረጸ ሰው የለም። ሸራውን የገለጥሽውን ደግሞ አይቻለሁ፤ ነገ ጠዋት ጣቢያ ነይ፣ ቃልሽን ትሰጫለሽ።»

ሄዱ።

ስለሚቀጥለው ትዕይንት ማንም አላነሳም። መብራቱ ተፈታ፤ ማቲ ጋቢውን አጥፎ ለአልባሳት ኃላፊዋ ሰጠ፤ ፖሊሶቻችን ኮፍያቸውን በብብታቸው ይዘው አጥሩ ስር ቆሙ። አጃቢ የነበሩት የሰፈር ሴቶች ከእኛ የወሰዱትን ነጠላ መልሰው ወደየቤታቸው ሄዱ።

አሥር ሰዓት ላይ የዕድሩ ንብረት ያዥ አቶ ወልደሰንበት ድንኳኑን ሊያስነቅሉ ሁለት ሰው ይዘው መጡ። እትዬ ካሳነሽ ከአግዳሚው አልተነሱም ነበር። አቶ ወልደሰንበት እሳቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይነቀል?» አሉኝ።

እኔ ምን ብዬ እመልሳለሁ? እትዬ ካሳነሽን አየኋቸው።

«ይደር» አሉ።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተመልሰው መምጣት ጀመሩ፤ አሁን የራሳቸውን ነጠላ፣ በራሳቸው እጅ አዘቅዝቀው። ማንም አክሽን አላላቸውም። ገብተው እትዬ ካሳነሽ አጠገብ ተቀመጡ።

እኔ ወደ በሩ ወጣሁ። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁት፤ ፕላስተሩ አሁንም ይይዛል። ቆርቆሮው ላይ የጠዋቱ ቦታው ይታያል። ፌስታል ያንጠለጠሉ አንዲት እናት መንገድ ላይ ቆም ብለው ድንኳኑን አዩት።

«ልጄ፣ ምን ሆነው ነው? ለቅሶ ነው?»

ወረቀቱን አነበብኩት። መልሼ አጠፍኩት።

«ይግቡ» አልኳቸው።