የዶክተር ኤዱልጂ አሞራዎች

«ሰዎች አይተውሻል እኮ! አላደረግሁም በይኝ!» ማርዝባን ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ ቢሞክርም አልሆነለትም። «ሬሳ ተሸካሚው ራሱ ነው በር ላይ ይዞ የነገረኝ። ‹እህትህ ከግንቡ ጀርባ ቆማ ትሪ ትደበድባለች፤ አሞራ ታባርራለች› አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?»

«እውነትህን ነው በለው።»

«ፔሪን!»

«ምን ልበልህ? አባረርኳቸው። ነገም አባርራቸዋለሁ።»

አክስታቸው ቴህሚና ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ሆነው የነጭ ሳሪያቸውን ጫፍ አወናጨፉ። «ቀስ በሉ እናንተ! የወንድሜ ነፍስ እስከ አራተኛው ንጋት ከዚህ ቤት አትወጣም። ጎረቤት ባይሰማችሁ እሱ ይሰማችኋል።»

«ይስማ! እሱ ራሱ ይፍረደን። አክስቴ፣ እርስዎ ይንገሯት እንጂ! አባባ ዕድሜውን የጨረሰው እነዚህን ሁለት አሞራዎች ሲለማመጥ አይደለም? ስንቱ ሬሳ ነው እዚያ ግንብ ውስጥ በፀሐይ ብቻ ሲደርቅ የኖረው? አሁን ለእሱ ቀን መጡለት። እሷ ደግሞ በትሪ!»

ፔሪን የነሐሱን ትሪ ከጀርባዋ ይዛ ቆማለች፤ ጠርዙ መዳፏ ላይ ቀይ መስመር አስምሮባታል።

አባታቸውን ዶክተር ኤዱልጂን የሸኟቸው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ነጭ የለበሱት ተሸካሚዎች በብረት ቃሬዛ አንስተው፣ ከማንጎው እርሻ ባሻገር ወዳለው ጣሪያ አልባ ክብ ግንብ አስገብተዋቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ የዘመድ እግር ወደ ውስጥ አያልፍም። መሬት እንዳትረክስ ሬሳ አይቀበርም፤ እሳት እንዳይረክስ አይቃጠልም፤ ለወንዝም አይሰጥም። በእነሱ በፓርሲዎች እምነት የሰው የመጨረሻ ምጽዋቱ ሥጋው ነው፤ ለሰማይ ወፍ ይሰጠዋል። ወፍ ሲኖር ነው ይኸ።

ወፉ በማን እጅ እንደጠፋ ዶክተሩ ያውቁ ነበር። የእሳቸው እጅ ብቻ አልነበረም፤ እሳቸው ግን የሌላውን እጅ ቆጥረው አያውቁም።

የከብት ሐኪም ነበሩ። በሞተር ብስክሌታቸው ከመንደር መንደር ሲዞሩ፣ መቆም ያቃታትን ላም በአንድ መርፌ ያስነሱ ስለነበር አርቢዎቹ «የዶክተሩ መርፌ ሙት ታስነሳለች» ይሉ ነበር። ያረጀች ላም ግን የኋላ ኋላ መሞቷ አይቀርም። ስትሞት ሜዳ ላይ ትጣላለች፤ አሞራ ይበላታል። ፔሪን ልጅ ሳለች ከግንቡ ዙሪያ ያሉት ዘንባባዎች በአሞራ ክብደት ይጎብጡ ነበር። ከዚያ ወፎቹ፣ ጸሎት ላይ እንቅልፍ እንደጣለው ሽማግሌ፣ አንገታቸውን ደፍተው ያንቀላፉ ጀመር። አንድ በአንድ እየወደቁ አለቁ። ምክንያቱ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የላሟን ሕመም ያስታገሠው መድኃኒት በሬሳዋ ውስጥ ቆይቶ የበላትን አሞራ ኩላሊት ያደርቃል።

ይህን የሰሙ ዕለት ዶክተሩ እራት አልበሉም። በማግስቱ ያላቸውን መርፌ ሁሉ በአንድ ካርቶን ሰበሰቡ።

«እንቅበረዋ፣ አባባ» አለች ፔሪን።

«መሬቱ ምን በደለሽ?»

«እናቃጥለዋ።»

«እሳት ላይ? አንቺ ልጅ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበልሽ!»

«ወንዝስ?»

«ዓሣውን ደግሞ ልፍጀው?»

የሚጣልበት ቦታ ጠፋ። ካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት፤ ቁልፉም ከጸሎት ቆባቸው ጋር አንድ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ ዶክተሩ ያንኑ መንደር ሁሉ እንደገና ዞሩት። መርፌውን በወጉበት ደጅ ሁሉ እየቆሙ «ተሳስቻለሁ፤ ሌላ ሐኪም ይህን ይዞ ቢመጣ አትቀበሉት» አሉ። የሳቀባቸውም ነበር። ከየት እንደመጡ ያልታወቁ ሁለት አሞራዎች ዘንባባው ላይ ጎጆ ሲሠሩ ጊዜ ግን፣ ልጁን እንደሚድር አባት ቤት ለቤት እየዞሩ አበሠሩ።

የራሳቸው ሕመም አጥንታቸው ውስጥ ከገባ በኋላም ከሐኪሞቹ ጋር የተጣሉት በዚሁ ነው። «ወፎቹን የማይጎዳውን ብቻ ስጡኝ» አሉ። «ነገ እንግዶቼ ናቸው። እንግዳ ጠርቶ መርዝ የሚያቀርብ አለ?» ያ ወፎቹን የማይጎዳው መድኃኒት ሕመሙን ለተወሰነ ጊዜ ያዘላቸው። የመጨረሻው ሳምንት ላይ መያዙን ተወ።

ከሰዓት በኋላ የማርዝባን ንዴት በረደ። የሐዘን ቤት እሳት ስለማይነድበት ናና ያለበት ሻይ ከጎረቤት መጥቷል፤ ለእህቱ ቀድቶ ሰጣትና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጮህኩብሽ። ቦምቤይ ተቀምጬ አንቺን ብቻሽን ጥዬሽ፣ አሁን መጥቼ መጮህ!»

«ድሮም ጯሂ ነህ።»

ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ዓይኑ ሞላ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያጽናናኝ። የዚያን ዕለት በስልክ ሲያቃስት ሰምቼ ‹የፈለገ ነገር ይሁን፣ አንድ ነገር ስጪው› ብዬ ለመንኩሽ። መልሼ ስደውል ተኝቷል አልሽኝ። እውነት ተኝቶ ነበር?»

«ተኝቶ ነበር።»

«እንደ ሕፃን ነው ያልሽኝ።»

«እንደ ሕፃን።»

ፔሪን ሻይዋን ጠጣች። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከሚስማሩ ያወረደችው ያን ስልክ እንደዘጋች ነበር። የከብቱ መድኃኒት አሮጌ ነው፤ ይሥራ አይሥራ አታውቅም። ሠራ። የአባቷ ፊት ከስንት ቀን በኋላ ተፈታ። «ምን ሰጠሽኝ?» አሏት። «የተለመደውን ነው፣ አባባ» አለች። እጇን ስበው ሳሟት። ሕይወታቸው ያለፈው በማግስቱ ነው፤ መርፌው ከደማቸው ሳይወጣ።

አሁን እውነቱን ብታወጣ አሞራዎቹን ከሬሳው የሚያርቅላት ሰው አታጣም። ወንድሟ ግን የራሱን የስልክ ልመና ዕድሜ ልኩን ሲሰማው ይኖራል። ትሪው ይሻላል አለች በልቧ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ከማለቷ በፊት ሄዳ ደበደበች። አሞራዎቹ ከግንቡ ጠርዝ ተነሥተው ዘንባባው ላይ ዐረፉና፣ አንገታቸውን ቀልሰው ቁልቁል አዩዋት።

በሦስተኛው ቀን ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ፣ እንደ ደንቡ በሟች ስም ምጽዋት የሚሰጥ እየተነሣ ይናገር ጀመር። አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ ሌላው ለእሳቱ ቤተ መቅደስ የሰንደል እንጨት ቃል ገባ። ማርዝባን ተነሣ።

«በአባቴ ስም» አለ፤ «ለአሞራዎቹ መኖ የሚሆን፣ መርፌ ያልነካው ከብት የሚገዛበት ገንዘብ በየዓመቱ እሰጣለሁ።»

አዳራሹ በምርቃት አጉረመረመ። ከኋላ ወንበር ግን አንድ ሽማግሌ ለጎረቤታቸው ሹክ ያሉ መስሏቸው ጮክ ብለው «ጥሩ ነው! ወንዱ ይመግባል፣ ሴቷ ታባርራለች!» አሉ። የሳቀም ያፈረም ነበር። ቴህሚና ዘወር ብለው ሽማግሌውን በዓይናቸው ገረፏቸው። ፔሪን አልዞረችም፤ ምንጣፉን እያየች ተቀመጠች።

ቤት ስትመለስ በጓሮ በር ቬርሺን ቆሞ አገኘችው። ጥምጥሙ የትልቅ ቅርጫት ያህል የሆነ ከብት አርቢ ነው፤ የእነሱ ሃይማኖት ሰው ስላልሆነ ጸሎቱ ጋ አልገባም፤ አንድ ጣሳ ወተት ይዞ ሲጠብቅ ነበር።

«ፔሪን ቤን፣ እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ዶክተሩ እኔን አንድ ቀን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም። ጎሼን ግን ሰድበዋታል። ረግጣቸው ነበር።»

«ነግሮኛል። ‹ከቬርሺ ጎሽ የቬርሺ ሚስት ትሻላለች› ይል ነበር።»

«ሚስቴን አያውቋትማ!» አለ ቬርሺ። ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁም ቶሎ አለቀ።

«ቬርሺ፣ የሞተ ከብት አለህ?»

ግራ ገባው። «በሐዘን ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ... አንዲት ጥጃ ዛሬ ጠዋት ሞታብኛለች። ምነው?»

«መርፌ ተወግታለች?»

«አባትሽ ከለመኑኝ ወዲህ ያ መርፌ የእኔን ደጅ ረግጦ ያውቃል?»

«እንግዲያው ከወንዙ ማዶ ጣልልኝ። ራቅ አድርገህ፤ እነሱ ከሰማይ ሆነው በሚያዩት ሜዳ ላይ።»

ቬርሺ ወደ ግንቡ ተመለከተ። ከዚያ በበሩ መቃን ላይ ወደ ተደገፈው ትሪ፤ መሐሉ ጎድጉዷል። ጥምጥሙን ፈታ አድርጎ እንደገና አሰረው።

«እጅግ አመማቸው?» አለ በመጨረሻ።

«እጅግ።»

«እሺ። በማለዳ እጥላታለሁ።» ጣሳውን አስረክቧት ሄደ።

በአራተኛው ቀን ንጋት የዶክተሩ ነፍስ ወደ ወዲያኛው ዓለም የሚያሻግረውን ድልድይ ተሻገረች፤ ካህኑም ጸሎቱን አሳርጎ ወጣ። እስከዚያ ሥጋ ያልቀመሰው ቤት ምድጃውን ለኮሰ። በዚህ ቀን የሚሠራው የምስርና የበግ ወጥ ዳንሳክ ይባላል፤ ሐዘንን የሚዘጋ ምግብ በመሆኑ ለሠርግም ሆነ ለልደት ማንም አይሠራውም። ጠረጴዛው ግቢው ውስጥ ተዘረጋ፤ ዘመድ ከበበው።

«ሎሚና ሽንኩርት የምናቀርብበት ትሪ የት ገባ?» አሉ ቴህሚና።

ፔሪን ከወንበሯ ሥር አውጥታ ሰጠቻቸው። አክስቷ ገለበጡት፤ ጉድጓዱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። በሳሪያቸው ጫፍ ወልውለው ሎሚውን ደረደሩበት፤ አንዱ ሎሚ እየተንከባለለ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

ማርዝባን አባቱ ከማዘጋጃ ቤቱ ሹም ጋር ስለ ዘንባባዎቹ የተጣሉትን ያወራል። «‹ጌታዬ፣ ዛፉን ከቆረጡት የእርስዎን ሬሳ ማን ይበላል?› አለው። ሰውየው እኮ የእኛ ሰው እንኳን አልነበረም!» ገበታው በሳቅ ተናጋ፤ አንዷ አክስት ትን ብሏት ጀርባዋን መቷት።

ያን ጊዜ ከማንጎው እርሻ በኩል፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ፣ ሁለት ሰፋፊ ጥላዎች መጡ። በጠረጴዛው ልብስ ላይ፣ በትሪው ላይ፣ በማርዝባን እጅ ላይ አልፈው ወደ ወንዙ ማዶ ሄዱ። ዶክተር ኤዱልጂ በግንቡ ውስጥ ከፀሐይ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ቀና ያለ ሰው አልነበረም።

«ሎሚ አቀብይኝ እስቲ» አለ ማርዝባን።

ፔሪን ከጉድጓዱ ውስጥ አንሥታ አቀበለችው።