የገዢ ፈረንሳይኛ

ለተሚካኤል ፈረንሳይኛ ትችላለች ቢባል ካዛንቺስ ውስጥ የሚስቅ እንጂ የሚከራከር የለም። ትችላለች እንጂ። የምትችለው ግን የገዢውን ብቻ ነው። ከኢሲኤ ጀርባ ባለችው የባህል ልብስ ሱቋ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ብቅ ሲል፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ትልና የራሷን ነጠላ እያሳየች «ሴ ኮምቢያን?» ትለዋለች፣ ስንት ነው ማለቷ ነው። ሰውየው ግራ ሲገባው «ሴ ትሮ ሼር» ትጨምርለታለች፣ በጣም ውድ ነው። በገዛ ዕቃዋ። ጎረቤቷ አዚዛ «ለተ፣ አንቺ ግን ከማን ወገን ነሽ?» እያለች ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

ምን ታድርግ፣ በፈረንሳይኛ አፏን ያስፈታቻት ገዢ ናት። ማዳም አዴል ትባላለች፤ ከቶጎ የመጣች፣ ባሏ ኢሲኤ የሚሠራ፣ ቁመቷ የሱቁን በር የሚሞላ ሴት። ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ የቅዳሜ ደንበኛ ነበረች። አማርኛ አታውቅ፣ እንግሊዝኛ አትወድ፤ ሳይከራከሩ መግዛት ደግሞ ነውር ይመስላታል። ብቻዋን መከራከር ሲሰለቻት ለተሚካኤልን ማስተማር ያዘች። ኮምቢያን። ትሮ ሼር። ዴርኒዬ ፕሪ፣ የመጨረሻው ዋጋ ስንት ነው። ቁጥሩንም እስከ መቶ። ሻጭ ምን እንደሚል ግን ሸጣ አታውቅምና አላስተማረቻትም። ያ ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር። ለአንዲት መቀነት ረፋዱ ያልቃል፣ ሻይ ይታዘዛል፣ ማዳም ተቆጥታ ትወጣለች፣ ትንሽ ቆይታ ተመልሳ ትቀመጣለች።

አንድ ቅዳሜ ማዳም ባለ አረንጓዴ ጥለት ነጠላ ወደደች። ለተሚካኤል «ስዋሳንት» አለች፣ ስልሳ ብር። ማዳም «ካራንት» አለች፣ አርባ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሁለቱም ንቅንቅ አላሉም፤ እውነቱን ለመናገር ሁለቱም እንዲያልቅ አልፈለጉም። ማዳም ጣቷን ነቀነቀችና «ሳምዲ» ብላ ሄደች፣ ለቅዳሜ። በዚያው ሳምንት ባሏ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ ተባለ። ቅዳሜ መጣ፣ ማዳም አልመጣችም።

ለተሚካኤል ነጠላውን አጥፋ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ዋጋው ገና እየተነገረበት ያለ ዕቃ ለሌላ አይሸጥም፤ ጨዋ ነጋዴ እንደዚያ አያደርግም። ያየው ሁሉ ሲጠይቃት «ተይዟል» ትላለች። ዓመት ዓመትን ተካ። እነ ደምበል የገበያ ሕንፃ ተከፈቱ፣ ዋጋ በወረቀት ተለጥፎ መሸጥ መጣ፣ ክርክር የድሮ ሰው ወግ ሆነ። ጭራሽ ሰፈሩ ለግንባታ ተፈለገና ሱቁን ለመልቀቅ ሳምንት ቀራት። ልጇ አሉላ ዕቃውን በካርቶን እያሸገ «እማዬ፣ ይሄን ነጠላ በቃ ሽጪው። ሴትየዋ ረስታሻለች» አላት። እሷን የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነበር፤ ሱቁ ከፈረሰ ማዳም የት ብላ ታገኛታለች?

ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ወጣት ሴት መጥታ ቆመች። ቁመቷ በሩን ሞላው። ከአሉላ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገሩና እሱ ለእናቱ ነገራት፤ የማዳም አዴል ልጅ ናት፣ ለስብሰባ ነው የመጣችው፣ ሱቁንም እናቷ በነገረቻት ምልክት ነው ያገኘችው። እናቷ ባለፈው ዓመት አርፋለች። እስከ መጨረሻው ድረስ ስለ አንድ አረንጓዴ ነጠላ እያነሳች ትስቅ ነበር።

ለተሚካኤል ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ቆይታ እንባዋን ጠረገችና ተነስታ ነጠላውን አወረደችው።

«ሴ ኮምቢያን?» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ስዋሳንት።» ኑሮው ስንት እጥፍ ቢወደድም የእነሱ ዋጋ የቆመው እዚያ ላይ ነው።

ልጅቷ ቦርሳዋን ከፍታ ስልሳ ብር ዘረጋችላት። በቃ? እንዲህ በዋዛ? የለተሚካኤል እጅ አልተዘረጋም። ማዳም ሞታ፣ የሚከራከርላት ሰው እንኳ ይጥፋ?

«ሴ ትሮ ሼር» አለች ራሷ።

«እማዬ፣ ዕቃው እኮ ያንቺ ነው» አለ አሉላ።

«አንተ ዝም በል።» ጣቷን ልክ እንደ ማዳም ነቀነቀች። «ካራንት።»

ልጅቷ ለአፍታ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ገባት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ኖን፣ ማዳም» አለች እየሳቀች፣ «ስዋሳንት።»

ሻይ ታዘዘ። ገዢዋ ለሻጭ፣ ሻጯ ለሟች ወግነው ሲከራከሩ አመሹ። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ተሸነፈች፤ አርባ ብር ከፈለችና ነጠላውን ተከናነበች።

ለተሚካኤል ብሩን በመቀነቷ ቋጠረች።

«ማዳም ረታችኝ» አለችው አሉላን። «በል አሁን ካርቶኑን እሸገው።»