ለላሊሴ ድምፅ የተበሳው ቴፕ

ሱሉልታ ውስጥ እንደ ደገፋ ሚኒባስ ግትር ቴፕ ያለው መኪና የለም። ካሴት ከመብላት በቀር ሌላ ሙያ አያውቅም። ደገፋ ግን በዚያው ቴፕ የሞተች ልጁን ድምፅ ካላሰማሁ ብሎ ተነሣ።

ላሊሴ ሯጭ ነበረች። ማለዳ አስፋልቱን ይዛ ስትወጣ እሱ ከኋላ በመኪናው መብራት እያበራላት ይከተላት ነበር። ክረምት ላይ ያልታሰበ ሕመም ልጁን ነጠቀው። ዘፈን ማጫወቻ ኤምፒ ስሪዋን ከሣጥኗ አውጥቶ ሲያዳምጥ፣ ከዘፈኖቹ መሃል እየሮጠች የቀዳችው የራሷ ድምፅ መጣ። ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ «አባኮ፣ አታስቸኩለኝ፤ መኪናህ ተረከዜን ሊረግጠኝ ነው» ብላ ትስቃለች።

ለሚስቱ ለጠጅቱ አልነገራትም። ጋቢና አስቀምጦ፣ ሳታስበው ሊያሰማት ፈለገ። መጀመሪያ ከኤምፒ ስሪው ጋር የሚያያዝ ሽቦ ያለው ካሴት ገዛ፤ ቴፑ ዋጠና መልሶ ተፋው። ቀጥሎ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ተሰክቶ በሬዲዮ የሚያሰማውን ሞከረ፤ የእንጦጦን መንገድ ሳይጨርስ የሬዲዮ ጣቢያ ዜና ገባበት። በመጨረሻ ቡራዩ ያለው ኤሌክትሪሻን ሌንጮ ቴፑን ፈታትቶ የኬብል መሰኪያ በሳለት። በስልኩ ሞክሮም አሳየው፤ ጥርት ብሎ ተሰማ። ደገፋ ደስታውን መያዝ አቅቶት ወደ ቤቱ ከነፈ።

ጠጅቱን ጋቢና አስገብቶ ኤምፒ ስሪውን ሰካ። የማያውቀው ዘፈን ጮኸ። አለፈው፤ ሌላ ዘፈን። እያለፈ እያለፈ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ጠጅቱ ፈገግ አለች። ከቀብሩ ወዲህ ፈገግ ስትል ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነው። በቴፑ ሲደክም አይታ፣ እሱ ቡራዩ ሲሄድ ቤት የተወውን ኤምፒ ስሪ ዘፈን መጫኛ ቤት ወስዳ እንዳስሞላችለት ነገረችው። እዚያ ደግሞ አሮጌውን ሳያጠፉ አዲስ አይጭኑም።

«መሃል ላይ የሰው ወሬ አለበት፣ ይጥፋ ወይ አለኝ ጫኚው። ወሬ ምን ያደርግለታል፣ አጥፋው አልኩት።»

የደገፋ ልብ ተሰበረ። ቢነግራት፣ ልጇን ሁለተኛ የቀበረችው እሷ ልትሆን ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ መሪውን ጨበጠ።

«ደስ አላለህም እንዴ?» አለችው።

«ደስ ብሎኛል።»

«እንግዲያው ከፍ አድርገዋ።»

ከፍ አደረገላት።