ቆዩኝ መጣሁ

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ግድግዳው ላይ ዘረጋች፤ በነጭ ጠመኔም የመስኮቱን አራት ማዕዘን አሰመረች። መስመሩ ግድግዳው ላይ በትልልቁ ከተጻፈው «ቆዩኝ መጣሁ» ላይ «መ»ን ለሁለት ከፍሎ «ጣ»ን እንዳለ ዋጠው። ጽሑፉ ፊት ፎቶ ልትነሳ የመጣች አንዲት ልጅ እግር ሴት ምን እያደረገች እንደሆነ በቁጣ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ ቤቱ የራሷ መሆኑን ነገረቻት። ልጅቷ ግን ያልሰማች ይመስል ስልኳን አውጥታ እዚህም እዚያም መደወል ጀመረች።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም ሥራ ፍለጋ ወደ ሰው አገር ሲሄድ፣ እናታቸውን ቀስቅሶ መሰናበት አቃተው። ለበሩ ከተገዛው ሰማያዊ ቀለም የተረፈውን አነሳና፣ በመንገድ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ክንድ ክንድ በሚያህሉ ፊደላት «ቆዩኝ መጣሁ» ብሎ ጽፎ ወጣ። በዚያው ቀረ። በዓመት አንዴ ሁለቴ ይደውላል፤ ዘንድሮ አልተመቸኝም፣ ለከርሞ ግን አይቀርም ይላል።

እሱ ቀረ፤ ጽሑፉ ግን ሰው ሆነ። መጀመሪያ ሁለት ፍቅረኛሞች ፎቶ ተነሱበት። ከዚያ ሙሽሮች ከነአጃቢዎቻቸው መምጣት ጀመሩ፤ ቲሸርት ላይ ታተመ፤ ፌርማታው ሳይቀር ስሙ ተለውጦ «መጣሁ ጋ ወራጅ አለ» ይባል ጀመር። ከ«ሁ» ሥር ተንጠባጥቦ የደረቀውን ቀለም የአፍቃሪ እንባ ነው አሉት። ወንድሟ ቤንዚን አብዝቶበት ቀጥኖ የፈሰሰ መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እናቷን አጥባና አገላብጣ፣ ወገቧን ይዛ ብቅ ባለች ቁጥር፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ግድግዳዋን እያዩ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርር ሰዎች ደጃፏን ሞልተው ታገኛለች። እንደምን ዋላችሁ ማለት ከተወች ቆይታለች።

እናትየው አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ክፍላቸው በአንድ ወገን ከጎረቤት፣ በሌላው ከማድቤት፣ በሦስተኛው ከስፌት ክፍሉ ጋር ስለተጋጠመ በቀትር እንኳ አምፖል ይበራበታል። ነርሷ ከመተኛት ብዛት የቆሰለውን ጎናቸውን አይታ፣ ፀሐይና ንጹሕ አየር ካላገኙ መዳኑን እንጃ አለች። መስኮት ሊወጣለት የሚችለው ጽሑፉ ያለበት የመንገዱ ግድግዳ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ለማዘጋጃ ቤት ካመለከተች አምስት ወር አለፋት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ፋይሉ ሌላ ቢሮ ሄዷል፣ ሰኞ ነይ ሲሏት ከረሙ። ትናንት በቃኝ ብላ ግንበኛ ቀጠረች።

ግንበኛው ገና መሮውን ከቦርሳው ሳያወጣ መንገዱ በሰው ተሞላ፤ ብዙም ሳይቆይ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ደረሰ። ትሑት ሰው ነው፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ወረቀት ገልጦ፣ ግድግዳው በከተማዋ ቅርስነት መመዝገቡን፣ ጸሐፊው ግን አለመታወቁን አነበበላት።

«ይታወቃል» አለች። «ወንድሜ ነው።»

ሠራተኛው በትዕግሥት ፈገግ አለ። እኔ ነኝ፣ አባቴ ነው፣ እጮኛዬ ነው የሚሉ አሥራ ሰባት ሰዎች እስካሁን ቢሯቸው መጥተዋል። ለእናቷ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ደህና አምፖል ሊያስገባላቸው እንደሚችል ነገራት።

ከንዴቷ ብዛት ሳቋ መጣ። እሱ ራሱ ይንገራቸው ብላ ወንድሟ ጋ ደወለችና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የእናቱን ጎን፣ የነርሷን ቃል፣ የመስኮቱን ነገር አስረዳችው።

«እትዬ፣ ኧረ እንዳትነኩት» አለ። «እዚህ ለማገኘው ሰው ሁሉ የማሳየው እሱን ነው። ስመጣስ ምን ላይ ፎቶ ልነሳ ነው?»

ዘጋችበት። ከሕዝቡ መሐል አንዱ «አሥራ ስምንት» ብሎ ቆጠረ፤ ሰዉ ሳቀ። ግንበኛውም የሥራ ፈቃዱን እንዳይነጠቅ ፈርቶ ዕቃውን መሰብሰብ ያዘ።

ወደ ውስጥ ገባችና፣ ጠዋት ወደ ማዶ ግድግዳ ያስጠጋችው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እናቷን አልጠየቀችም ነበር። ከልጃቸው የቀራቸው ያ ጽሑፍ ብቻ ነው ብላ ፈርታለች።

«እማዬ፣ መስኮቱ ከወጣ ጽሑፉ መፍረሱ ነው። ምን ትያለሽ?»

እናትየው ፊታቸውን ወደ መንገዱ ግድግዳ አዞሩ።

«እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ነው የማየው» አሉ። «ልጄም ከመጣ በመስኮት አየዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ወጣችና ከግንበኛው ቦርሳ መሮና መዶሻ አነሳች። ሠራተኛው ይህን ካደረገች ሪፖርት ሊጽፍባት እንደሚገደድ ነገራት።

«ይጻፉ» አለችው። «ይኼን ያደረገው ግን አልታወቀም እንዳይሉ። እኔ ነኝ።»

የመጀመሪያው ምት ልስኑን አራገፈ፤ ሁለተኛው አውራ ጣቷ ላይ አረፈ። ጣቷን በአፏ መጠጥ አድርጋ መሮውን እንደገና ጨበጠችና መምታት ቀጠለች። ግንበኛው ጥቂት አይቷት በረዥሙ ተነፈሰና፣ እንደሱ አይያዝም ብሎ መሮውንና መዶሻውን ተቀበላት። ከዚያ ሥራው ፈጠነ። አንዳንዱ ሰው ተሳደበ፤ ስልኳን ይዛ የቆመችው ልጅ እግር አለቀሰች፤ ጡቦቹ ግን አንድ በአንድ ወጡ።

አቧራው ሲሰክን በቀዳዳው ውስጥ የእናትየው ነጭ ፀጉር ታየ። በብርሃኑ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ፣ መንገድ ላይ የተኮለኮለውን ሰው ፊት በየተራ መመልከት ጀመሩ። ማንንም አልዘለሉም። ጫጫታው ቀስ በቀስ በረደ።

«ይኼ ሁሉ ሰው» አሉ፣ «ማንን ነው የሚጠብቀው?»

ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ ሕዝቡን አየች። የሄደ ሰው አልነበረም።

«እኔ እንጃ፣ እማዬ» አለችና፣ እንዳትጋርዳቸው ከቀዳዳው ፊት ፈቀቅ አለች።